«የቻይና አይደለም» የተባለ የቻይና ስፒከር

ከደምበል ሕንፃ አካባቢ ተነሥቶ በኦሎምፒያ በኩል ወደ ወሎ ሰፈር በሚዘልቀው የአፍሪካ ጎዳናና በመጋቢ መንገዶቹ ላይ፣ ሞባይልና የሞባይል ዕቃ በሚሸጥባቸው ሱቆች መስታወት ውስጥ የተደረደሩት ስፒከሮች፣ ኢርፎኖችና ማይክሮፎኖች አብዛኞቹ የሚመጡት ከአንድ አገር ነው፤ ያውም በዚያ አገር ካለ አንድ ጠቅላይ ግዛት፣ ከደቡብ ቻይናው ጓንግዶንግ። ይህን ሻጩም ያውቃል፣ ገዢውም ያውቃል። እንዲህም ሆኖ ገዢው ዕቃውን አንሥቶ፣ ገልብጦና በጣቱ ቆርቆር አድርጎ ካየ በኋላ የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «የቻይና ነው እንዴ?» የሚል ሲሆን፣ ሻጩ ደግሞ ክብሩ እንደተነካ ሰው ፊቱን ቅጭም አድርጎ «ኧረ ወንድሜ፣ ኦሪጅናል ነው!» ሲል ይመልሳል። ጥያቄው ስለ ትውልድ አገር፣ መልሱ ግን ስለ ጥራት መሆኑን ልብ የሚል የለም፤ ሁለቱም በዚህ ተስማምተው ወደ ዋጋው ክርክር ያልፋሉ።

በዚህ ገበያ ዕቃ በሦስት ማዕረግ ይከፈላል። «ኦሪጅናል» የሚባለው በሳጥኑ ላይ ስሙ የተጻፈው ኩባንያ ራሱ ያሠራውና ራሱ የሚጠየቅበት ዕቃ ነው፤ «ሃይ ኮፒ» የኩባንያውን ስም፣ መልክና ማሸጊያ አንድም ሳያስቀር ወስዶ ድምፁን ግን እንደ አቅሙ የሚያወጣ ነው፤ ተራው «ኮፒ» ደግሞ ከስሙ ላይ አንድ ፊደል የሳተ፣ ከሩቅ ሲያዩት ዝነኛ፣ ቀርበው ሲያነቡት የፊደል ግድፈት የሆነ ነው። ከሦስቱ ውጭ፣ ስሙን ከዚህ ቀደም ማንም ሰምቶት የማያውቅ፣ ማንንም ያልመሰለና በማንም ስም ያልነገደ ዕቃ በመደርደሪያው ታችኛ ረድፍ ላይ ይገኛል። ይህ አራተኛው ከሁሉም ሐቀኛው መሆኑ የማያከራክር ቢሆንም፣ ስም ስለሌለው ጠያቂ የለውም፤ ሻጩም የሚያወጣው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

በብዛት ከሚመሰሉት ስሞች መካከል ጄቢኤል ይገኛል። ጄምስ ላንሲንግ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1946 ያቋቋመው ይህ ኩባንያ ከጊዜ በኋላ ሐርማን በተባለ ሌላ ኩባንያ ሥር ገባ፤ ሐርማንን ደግሞ የደቡብ ኮሪያው ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2017 በ8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጠቀለለው፤ በእጅ የሚያዙት የብሉቱዝ ስፒከሮቹ ግን በብዛት የሚመረቱት ቻይና ውስጥ ነው። እንግዲህ «ኦሪጅናሉ» ስሙ አሜሪካዊ፣ ባለቤቱ ኮሪያዊ፣ እጁ ቻይናዊ ሲሆን፣ «ኮፒው» ስሙ አሜሪካዊ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ፣ እጁ አሁንም ቻይናዊ ነው። የአፕልን ኤርፖድስ ከሚሠሩት ዋና ዋና ኩባንያዎች መካከልም ላክስሼርና ጎርቴክ የተባሉት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። ይህ ማለት ሁለቱ ዕቃዎች አንድ ናቸው ማለት አይደለም። ልዩነት አለ፣ ለጆሮም በደንብ ይሰማል፤ ይሁንና ልዩነቱ የሚፈጠረው በውስጡ በሚገባው ዕቃ ጥራትና በፋብሪካው መስመር መጨረሻ ላይ ቆሞ የተበላሸውን የሚጥል ተቆጣጣሪ በመኖሩና ባለመኖሩ እንጂ፣ ፋብሪካው በቆመበት ምድር አይደለም።

የቻይና ዕቃ የአዲስ አበባን ጆሮ ከመውረሱ በፊት ከተማዋ ሌሎች ጌቶች ነበሯት። የሆላንዱ ፊሊፕስ የካሴት ክርን እ.ኤ.አ. በ1963 ለዓለም ካስተዋወቀ በኋላ፣ የኢትዮጵያ ሙዚቃም ቀስ በቀስ ከሸክላ ወደ ካሴት ሲዛወር፣ ፊሊፕስ፣ ሶኒ፣ ናሽናልና ሳንዮ የሚል ስም ያላቸው ቴፖች በሳሎኑ ከፍ ያለ ስፍራ ተቀምጠው፣ በእጅ የተሠራ ዳንቴል ለብሰውና ለልጅ እጅ ተከልክለው በክብር ይኖሩ ነበር። ለሠርግና ለስብሰባ ደግሞ ጣሊያን ሠራሹ ሞንታርቦ ነበረ። ሞንታርቦ በአገሩ የአንድ ፋብሪካ ስም ነው፤ በአዲስ አበባ ግን ደረት የሚያንቀጠቅጥ ትልቅ ስፒከር ሁሉ እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራል፤ በዛሬው ሠርግ ሞንታርቦ ተብለው ከሚከራዩት መካከልም ጣሊያንን በካርታ እንኳ የማያውቁት ጥቂት አይደሉም።

ያን ጊዜ ዳንቴል የለበሰው የጃፓን ዕቃም ቢሆን ከመከበሩ በፊት ተንቆ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት ዓመታት በአሜሪካ ገበያ «በጃፓን የተሠራ» የሚለው ጽሑፍ የርካሽና የተሰባሪ ዕቃ ምልክት ነበር፤ ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1955 የመጀመሪያውን ትራንዚስተር ሬዲዮውን፣ በ1979 ደግሞ ዎክማን የተባለውን በወገብ የሚታጠቅ የካሴት ማጫወቻ እስኪያወጣ ድረስ ሐሜቱ ወደ አድናቆት ለመለወጥ ጊዜ ወስዷል። ከዚያም ርቆ ለሚሄድ፣ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1887 ያወጡት የንግድ ምልክት ሕግ የውጭ ዕቃ የእንግሊዝ ነው እየተባለ እንዳይሸጥ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት አስገድዶ ነበር፤ በጊዜው በተለይ የታሰበውም እንግሊዝ ሠራሽ መስሎ የሚገባው የጀርመን ዕቃ ነበር። ዛሬ ኦሎምፒያ ላይ «የጀርመን ነው» ሲባል ዋጋ የሚያስጨምረው ጽሑፍ፣ በተወለደ ጊዜ ገዢን ለማስጠንቀቅ የተለጠፈ ነበር ማለት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ስፒከሩን ከፍቶ ማየት ይበጃል። ስፒከር የኤሌክትሪክ ምልክትን ወደ አየር ንዝረት የሚለውጥ መሣሪያ ሲሆን፣ በውስጡ ማግኔት፣ በማግኔቱ ክፍተት ውስጥ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ፣ ከሽቦው ጋር የተያያዘ የወረቀት ወይም የፕላስቲክ ሾጣጣ ሽፋን አለው፤ ሙዚቃው በኤሌክትሪክ መልክ በሽቦው ሲያልፍ ሽቦው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋል፣ ሽፋኑም አብሮት እየሄደ አየሩን ይመታል። በመዳፍ የሚያዝ ስፒከር ትናንት በሁለት እጅ ይታቀፍ የነበረውን ቴፕ ያህል ሊጮኽ የቻለበት አንዱ ምክንያት ኒዮዲሚየም ከተባለው ማዕድን፣ ከብረትና ከቦሮን የሚሠራው ብርቱ ማግኔት ነው፤ ማግኔቱን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የፈጠሩት የጃፓንና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ቢሆኑም፣ ዛሬ ከዓለም ምርት እጅግ የሚበዛው የሚወጣው ከቻይና ነው። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ1980 ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠና የተባለችው ሼንዘንና ጎረቤቶቿ ዶንግዋን፣ ሁይጆውና ጆንግሻን ማግኔት ሠሪውን፣ ሽቦ ጠምጣሚውን፣ ፕላስቲክ ቀራጩን፣ ባትሪ ሠሪውንና ሳጥን አታሚውን በጥቂት ሰዓት የመኪና መንገድ ውስጥ አሰባስበው ይዘዋል። ስለ ቻይና ዕቃ ርካሽነት ሲነገር ሁልጊዜ የሚጠቀሰው የሠራተኛው ደሞዝ ነው፤ ደሞዙ ግን ከዓመት ዓመት ጨምሯል፤ ያልተለወጠው ይህ ጉርብትና ነው። አዲስ አበባ ላይ ስፒከር ልሥራ ብሎ የሚነሣ ሰው፣ ከሳጥኑ ጣውላ በቀር አብዛኛውን ነገር ከእነዚያው ከተሞች ማስመጣት ግድ ይሆንበታል።

የርካሹ ስፒከር አንጎል ከጥፍር የማይበልጥ አንድ ቺፕ ነው። በዚያው ጠቅላይ ግዛት በጁሃይ ከተማ የሚገኘው ጂዬሊ የተባለ ኩባንያ በገፍ የሚያመርተው ይህ ዓይነቱ ቺፕ ብሉቱዙን፣ ሬዲዮውን፣ ፍላሽ ማንበቡንና ማጉላቱን በአንድነት ይይዛል፤ በዚያ ላይ ይናገራል። ስፒከሩ በተከፈተ ቁጥር «ዘ ብሉቱዝ ዲቫይስ ኢዝ ሬዲ ቱ ፔር» እያለች በቻይንኛ ዜማ እንግሊዝኛ የምታበስረው ሴት፣ ማን እንደሆነች ባይታወቅም፣ ከብዙ ዘፋኞች ይልቅ በብዙ ቤት ተሰምታለች። በብዙዎቹ ስፒከሮች ላይ የሙዚቃው ድምፅ ሲቀነስ የእርሷ አይቀነስም፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲልም ይህንኑ በየደቂቃው ታሳስባለች፤ ስለዚህ በውድቅት ሌሊት በስውር ሙዚቃ ለመስማት ያሰበን ተከራይ ለአከራዩ የምታጋልጠው እርሷ ናት።

ከቺፑም ከዋጋውም ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን በሳጥኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ነው። ዋት ማለት አንድ መሣሪያ በሴኮንድ የሚወስደው ወይም የሚያወጣው ጉልበት መለኪያ ሲሆን፣ በክንድ ሥር በሚያዝ ስፒከር ሳጥን ላይ «5000 ዋት» የሚል ጽሑፍ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። እንጀራ የሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚወስደው 3500 ዋት ገደማ ነው፤ እርሱም ሲሰካ አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ሶኬቱ ይግላል፣ ቆጣሪው ይጣደፋል፣ አንድ ቆጣሪ የሚጋሩ ተከራዮችም ተራ ይዘው ካልጋገሩ ግቢው ይጨልማል። በሳጥኑ ጽሑፍ ከሄድን ግን በስልክ ቻርጀር የሚሞላው ያ ስፒከር ምጣዱን ያስከነዳል፤ ዘፈን በሚያወጣበት አፍታ አንድ ሁለት እንጀራም ባወጣ ነበር። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በ5 ቮልትና በ1 አምፔር የሚሞላ መሣሪያ የሚያገኘው 5 ዋት ብቻ ነው። በውስጡ 1200 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባለ 3.7 ቮልት ባትሪ አለ ቢባል፣ ጠቅላላ ስንቁ 4.4 ዋት ሰዓት ያህል ይሆናል፤ በእርግጥ 5000 ዋት የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ ይህ ስንቅ በሦስት ሴኮንድ አካባቢ ተሟጥጦ፣ ዘፋኙ አፉን ከመክፈቱ በፊት ማሲንቆው መግቢያው ላይ ይቋረጥ ነበር።

የዚህ ቁጥር ምንጭ በዘርፉ ሰዎች ዘንድ «ፒኤምፒኦ» የሚባለው አለካክ ነው፤ ትርጉሙም ስፒከሩ ለቅጽበት፣ በምኞትና በጥሩ ቀን ሊደርስበት ይችል ይሆናል ተብሎ የሚገመት ከፍተኛ ጉልበት ሲሆን፣ እንዴት እንደሚለካ ሁሉም የተስማሙበት ደንብ የለውም። በአንጻሩ «አርኤምኤስ» ተብሎ የሚጻፈው መሣሪያው ያለማቋረጥ ሊያወጣ የሚችለው ጉልበት በመሆኑ ቁጥሩ ሁልጊዜ ትንሽና አሳፋሪ ነው፤ ስለዚህ በትንሽ ፊደል፣ በሳጥኑ ግርጌ ይጻፋል፣ ከተጻፈ። እዚህ ላይ ለቻይና ሊነገርላት የሚገባ እውነት አለ፤ ዋትን መዋሸት የእርሷ ፈጠራ አይደለም። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1974 የማጉያዎች ጉልበት አገላለጽን የሚመለከት ደንብ ለማውጣት የተገደደው የአገሩ ነጋዴዎች ቁጥሩን እንዳሻቸው ያሳብጡት ስለነበር ነው። ቻይና የወረሰችው የቆየ ልማድ ነው፤ ዜሮ መጨመር ላይ ግን እጇ ፈታ ማለቱ አይካድም።

የዚሁ አገር ፋብሪካዎች በሌላው ጫፍ የሚሠሩት ሥራ ኦሎምፒያ ላይ እምብዛም አይወራም። እ.ኤ.አ. በ1932 የተመሠረተው የእንግሊዙ ዋርፍዴል ዛሬ ምርቶቹን በብዛት የሚያመርተው ቻይና ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1961 የተመሠረተው ኬኢኤፍ ከ1992 ጀምሮ የሆንግ ኮንጉ ጎልድ ፒክ ንብረት ነው፤ በ1938 የተቋቋመውና በዓለም ምርጥ ከሚባሉት ሄድፎኖች መካከል የሚቆጠሩትን የሚሠራውን የጃፓኑን ስታክስ በ2011 የገዛው ኤዲፋየር የተባለ የቻይና ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በጀርመን የተመሠረተው ቤህሪንገር ማምረቻውን ወደ ጆንግሻን ካዛወረ ቆይቷል፤ በዝቅተኛ ዋጋ ያቀረባቸው ሚክሰሮች፣ ማለትም የብዙ ማይክሮፎኖችንና የሙዚቃ መሣሪያዎችን ድምፅ አመጣጥነው የሚያዋህዱ ሰሌዳዎች፣ በአዲስ አበባ ስቱዲዮዎችና አዳራሾች የተለመዱ ናቸው። በመድረክ ላይ ዘፋኞች በጆሯቸው ውስጥ የሚሰኩትና «ኢን ኢር ሞኒተር» የሚባለው ዕቃ ከጥቂት ዓመታት በፊት በብዙ መቶ ዶላር የሚገዛ የባለሙያ ንብረት ነበር፤ ኬዜድና ሙንድሮፕን የመሳሰሉ የቻይና ኩባንያዎች ግን ደህና አድርጎ የሚያሰማውን በጥቂት አሥር ዶላር፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ማቅረብ ሲጀምሩ፣ ስም ብቻ ይሸጡ የነበሩ የምዕራብ ኩባንያዎች ዋጋቸውን የሚያስረዱበት ቃል አጠራቸው።

ኦራይሞ የሚባለው ስም የዚህ ለውጥ አንዱ ምልክት ነው። የቴክኖ ስልክ ባለቤት የሆነውና እ.ኤ.አ. በ2006 የተመሠረተው የሼንዘኑ ትራንሽን የሚያቀርበው ይህ የኢርፎንና የስፒከር ምርት፣ አዲስ አበባ ላይ «የቻይና ነው እንዴ?» ተብሎ ሳይሆን «ኦራይሞ አለህ?» ተብሎ በስሙ ይጠየቃል። የራሱ አስመሳይ ኮፒዎች መጥተውበት ኩባንያው በማሸጊያው ላይ ማረጋገጫ ቁጥር እስከ መለጠፍ ደርሷል። የቻይና ዕቃ ኮፒ እየተሠራበት «ይህኛው የቻይና ነው፣ ኦሪጅናሉ ሌላ ነው» ከተባለ፣ በኦሎምፒያ ሕግ ከዚህ በላይ ሹመት የለም።

ታዲያ በሁለተኛው ሳምንት መንተባተብ የሚጀምረው ስፒከር ከየት ይመጣል? የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ቻይና መብረር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 ሲሆን፣ ዛሬ ለመርካቶና ለቦሌ አስመጪ ጓንግዡ ደርሶ መመለስ ዘመድ ጥየቃ ያህል የለመደው ነገር ነው። አስመጪው ከፋብሪካው ወኪል ፊት ተቀምጦ ናሙናውን ያያል፤ ወኪሉ ዋጋውን በካልኩሌተር ጽፎ ያሳየዋል፤ አስመጪው ካልኩሌተሩን ወደ ራሱ ስቦ ግማሹን ይጽፋል። ወኪሉ እምቢ አይልም፤ ጥቂት አስቦ እሺ ይልና ከውስጡ የሚቀነሰውን ይቀንሳል። መዳብ የነበረው ሽቦ መዳብ በተለበጠ አሉሚኒየም ይተካል፣ ማግኔቱ ይሳሳል፣ ባትሪው ያንሳል። ኦሎምፒያ ጀርባ ባሉት መንገዶች በአንዲት ጠባብ ክፍል ተቀምጦ የሚሠራ ጠጋኝ እንዲህ ያለውን ስፒከር ሲከፍት፣ ከፊት ለፊት ከሚታዩት ሁለት የድምፅ አፎች አንዱ ሽቦ ያልደረሰው የፕላስቲክ ጌጥ ሆኖ፣ ከግርጌው ደግሞ ዕቃው በእጅ ሲመዘን ከበድ እንዲል ብቻ የተጣበቀ ቁራጭ ብረት ሊያገኝ ይችላል። ብረቱ የተጨመረው «ከባድ ዕቃ ጥሩ ዕቃ ነው» የሚል ገዢ በመኖሩ ነው፤ አምስት ሺህ ዋቱ የተጻፈውም ትልቅ ቁጥር የሚወድ ገዢ በመኖሩ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር ሲያልፍ፣ ካልኩሌተሩን ወደ ራስ የመሳቡ ጉዳይ ይበልጥ ጠነከረ እንጂ አልቀነሰም። ኦሎምፒያ ላይ «መጨረሻው ስንት ነው?» የሚለው ገዢ ጓንግዡ ላይ ስለ ሽቦው ዓይነት ትእዛዝ እየሰጠ መሆኑን አያውቅም፤ ቻይናም የታዘዘችውን ሠርታ ትልካለች፤ ጥፋቷ ይህ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

የርካሽነቱ ትርፍ ለሁሉም መድረሱ ደግሞ ሌላ መዘዝ አምጥቷል። ድምፅን በቀላሉ ቀድቶ ደጋግሞ የሚያሰማው የእጅ ማጉያ ለጎዳና ነጋዴው ጉሮሮ ትልቅ ዕረፍት ነው፤ «ሱሪ በቅናሽ! ሱሪ በቅናሽ!» የሚለው ጥሪ ጠዋት አንድ ጊዜ ይቀዳና ባለቤቱ ምሳውን ሲበላም፣ ስልክ ሲያወራም ይቀጥላል። ያን ጊዜ በአጠገቡ ያለው ሱቅ የራሱን ስፒከር ወደ በሩ ያወጣል፤ ሦስተኛው ደግሞ ቤዙን ከፍ ያደርጋል፤ የሁሉም ድምፅ እኩል ስለሚጨምር የማንም ሳይሰማ ይውላል። የቻይና የድምፅ መሣሪያ ተወዳዳሪነት በትክክል የሚለካው እዚህ ነው። ድምፅ የሚለካበት መጠን ዴሲቤል ይባላል፤ 10 ዴሲቤል ሲጨምር ለሰው ጆሮ የድምፁ ጉልህነት እጥፍ ያህል ሆኖ ይሰማል፤ በኢትዮጵያ የአካባቢ ድምፅ መመዘኛ መሠረት ለንግድ አካባቢ በቀን 65፣ በሌሊት 55፣ ለመኖሪያ ሰፈር ደግሞ በቀን 55፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 45 ዴሲቤል ተወስኗል።

ስለዚህ ስፒከር ለመግዛት ወደ ኦሎምፒያ የሚወጣ አንባቢ የትውልድ አገሩን መጠየቁን ትቶ፣ ሲሰማው የኖረውንና እያንዳንዱን መሣሪያ ለይቶ የሚያውቀውን አንድ ዘፈን በስልኩ ይዞ ይሂድ፤ በመጀመሪያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቃላቱ ይለዩ እንደሆነ፣ ቀጥሎ ከፍ አድርጎ ይንተባተብ እንደሆነ ያዳምጥ፤ የፊቱን ትልቅ ቁጥር አልፎ ከጀርባው በትንሽ ፊደል የተጻፈውን ያንብብ፤ ቤቱ ከገባ በኋላም፣ የገዛው ኦሪጅናልም ይሁን ሃይ ኮፒ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ይቀንሰው።